«የጨው ተራራ» ከየት ይጀመር?

ሚስት ያላችሁ ሰዎች ትመሰክሩልኛላችሁ። ሚስት አንዴ «እሺ» ካለች በኋላ ማሰብ የሚባል ነገር አያስፈልግም። እሺ ካለችበት ደቂቃ ጀምሮ መፈጸም ብቻ ነው። እኔ ግን አሰብኩ። መዘዙ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

ነገሩ «የጨው ተራራ» የሚባለው ፊልም ነው። ፊልም ስላችሁ አንድ ፊልም እንዳይመስላችሁ። አሥራ አንድ ክፍል ነው፤ አንዱ ክፍል ብቻውን ለቅሶ ደርሶ ለመመለስ የሚበቃ ጊዜ ይፈጃል። በአንድ የጨው ተራራ የተነሣ ሁለት ቤተሰብ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ሲተላለቅ የሚያሳይ ነው። የውጭ አገር ሰዎች ናቸው የሠሩት፤ እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ጎባ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣብቤ ስላየሁት የሠፈሬ ሰዎች ያህል አውቃቸዋለሁ። ጀግናው ዳርማን ይባላል፤ አንድ ዓይና ነው። አባቱ ስለሞተበት አጎቱ ሶሪን ነው ያሳደገው። ዳርማን ጎራዴውን ሲመዝ አሁንም ፀጉሬ ይቆማል። ትልቅ ሰው ነኝ፤ ደመወዝተኛ ነኝ፤ ግን ይቆማል።

ከሰላማዊት ጋር ከተጋባን ወዲህ ስለዚህ ፊልም ያልነገርኳት ነገር የለም። ሽሮ ስታማስል እነግራታለሁ፣ ከባንክ ሥራዋ ደክሟት ስትመለስ መንገድ ላይ ተቀብዬ እነግራታለሁ። ምስጢሩን ብቻ ነው ያልነገርኳት። አንድ ትልቅ ምስጢር አለ፤ እሱን ያወቀ ሰው ፊልሙ አለቀበት ማለት ነው ብዬ እንደ ዓይኔ ብሌን ነበር የምጠብቀው። በመጨረሻ ሁለታችንም የዓመት ፈቃድ አንድ ላይ የወጣን ጊዜ ጋቢዋን ተከናንባ መጣችና ፊት ለፊቴ ቆመች።

«ስማ» አለችኝ። «ይህን ሳምንት ለዚህ ለጨውህ ሰጥቼሃለሁ። ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ከወደድኩት ወደድኩት። ካልወደድኩት ግን ከዚህ በኋላ በዚህ ቤት ውስጥ ስለ ጨው የሚነሣው ወጥ ሲቀመስ ብቻ ነው። ተስማማን?»

«ተስማማን!» አልኩ። እልል ማለት ነው የቀረኝ።

እንግዲህ ዕድሌ አንድ ነው። ከወደደችው ዕድሜ ልኬን ስለ ዳርማን የማወራው ሰው አገኘሁ። ከጠላችው አፌ ተዘጋ። እንዲህ ዓይነት ዕድል ያገኘ ሰው ምን ማድረግ ነበረበት? ከፍቶ ማሳየት! ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል አሉ። እኔም ፈቃድ ላይ ነበርኩ፣ ሥራ አልነበረኝም።

መቼስ ችግሩ የፊልሙ ሠሪዎች ነው። ሲጀምሩት ከመሃል ጀመሩት። መጀመሪያ በወጣው ክፍል ዳርማን ጎልማሳ ነው፣ ዓይኑም ጠፍቷል። ሦስተኛው ወደ ልጅነቱ ይመለሳል። አምስተኛው አያቱን ያመጣል። ሰባተኛው የሁለተኛውና የአራተኛው መሃል ነው። ስምንተኛው ላይ አልቅሰን የቀበርነው ሰውዬ ዘጠነኛው ላይ ሲሞሸር ታዩታላችሁ። ስለዚህ አዲስ ተመልካች ከየት ይጀምር የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ለእኔ ግን ቀላል ነበር፤ እንደ አወጣጡ ነዋ! ቀድሞ የወጣው ይቀድማል፣ ምስጢሩም በሰዓቱ ይወጣል።

ሰኞ ጠዋት የልብ ጓደኛዬ ጀማል ሱቅ ሄድኩ። ጀማል ሮቤ ባጃጆች ከሚቆሙበት አጠገብ ሞባይል ይጠግናል፣ ፍላሽ ላይ ዘፈንና ፊልም ይጭናል። በሠርጌ ሚዜዬ ነበር። ከእኔ እኩል «የጨው ተራራ»ን የሚወድ ሰው በባሌ ምድር እሱ ብቻ ነው። አሥራ አንዱንም ጫነልኝ፣ ከአንድ እስከ አሥራ አንድ ቁጥር ሰጣቸው፣ «ሰላማዊት በመጨረሻ ሰው ልትሆን ነው» ብሎ መርቆ ሸኘኝ።

ቤት ገባሁ። ሰላማዊት ቆሎዋን በሰሃን አድርጋ እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣለች። ፍላሹን ሰካሁ፣ አንድ ቁጥርን ከፈትኩ። ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? ጺሙ ደረቱ ላይ የወረደ ሽማግሌ! የዳርማን አያት!

«ቁም!» ብዬ ጮህኩና ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት።

«ምነው? ምን ሆነ?» አለች ቆሎው በእጇ እንዳለ።

«ይሄ አምስተኛው ነው!»

«አንድ ቁጥር ተጽፎበት የለም እንዴ?»

«አንቺ አታውቂውም፤ መጣሁ» ብዬ ወጣሁ። ያ «መጣሁ» እስከ እሑድ ዘለቀ።

ጀማል ስህተት አልሠራም። አስቦበት ነው። «እንደ ታሪኩ ነው የደረደርኩልህ» አለኝ፣ በፈታው ሞባይል ላይ እንዳቀረቀረ። «ከአያት ይጀመራል፤ ከዚያ አባት፣ ከዚያ ልጅ።»

«ምስጢሩስ? ገና በሁለተኛው ቀን ታውቀዋለች እኮ!»

«ትወቀዋ! አንተ ሰው፣ እኛ ጋ ሰው ሲተዋወቅ ስሙን ብቻ ተናግሮ ዝም ይላል እንዴ? የአባትህን ትላለህ፣ የአያትህን ትላለህ፣ ጎሳህን ትቆጥራለህ። ከዚያ ወዲያ ነው ነገር የሚጀመረው። የማን ልጅ እንደሆነ ያልታወቀ ሰው ጎራዴ ቢመዝ ምን ይገርማል? ሌባ ይሁን ጀግና በምን አውቃለሁ?»

«የቀደመ ይቀድማል ነው የምልህ! ሠሪዎቹ ያንን ያስቀደሙት ዝም ብለው ነው?»

ጀማል ቀና አለ። የሚቀጥለውን ባይናገር ኖሮ ይህ ወግ አይኖርም ነበር። «የጎባ ሰው አይደለህ፣ ምን ይፈረድብሃል!» አለኝ። «እናንተ ስትኖሩ የምትኖሩት እኮ ‹ድሮ የባሌ ዋና ከተማ ነበርን፣ ቀድመን ነበርን› እያላችሁ ነው።»

እኔ ሮቤ ሥራ ይዤ፣ ሮቤ ትዳር መሥርቼ፣ የሮቤን ብርድ እየቻልኩ የምኖር ሰው ነኝ። ግን የጎባ ልጅ ነኝ። ደሜ ፈላ። «ሮቤማ እኛ ከተማ ስንሆን ስንዴ ነበረች!» አልኩት። ይህን የተናገርኩት ማን መሃል ቆሜ እንደሆነ ልብ በሉ። የባጃጅ ሹፌሮቹ ሁሉ ዞሩ። ባለጋሪው ፈረሱን ያዘና አቆመ። አንዱ ሹፌር ተሳፋሪዎቹን ትቶ ወርዶ «ጎባ ምን አላት? ብርድና ወሬ!» አለኝ። ሌላው የጎባ ልጅ ኖሮ ከወዲያ ማዶ ተቀበለልኝ። በአንድ አፍታ አካባቢው የሮቤና የጎባ ሆነ፤ ስለ ዳርማን የሚያነሣ ሰው ጠፋ። ባጃጁ ውስጥ የቀሩት ዶሮ ያቀፉ እናት ናቸው የገላገሉን። «እናንተ ልጆች፣ ፊልሙ ላይ ውርስ አላችሁ እንዴ?» ሲሉ ሰው ሁሉ ሳቀና ተበተነ። ጀማል ግን አልሳቀም። እኔም አልሳቅኩም። ደህና ዋል ሳንባባል ተለያየን።

ማክሰኞ ቁጥሮቹን ራሴ ላስተካክል ብዬ ላፕቶፕ ላይ ተጎለትኩ። አንደኛውን አንድ አልኩ፣ ሁለተኛውን ሁለት አልኩ። ሰባተኛው ላይ ስደርስ ልቤ ተከፈለ። እንደ አወጣጡ ከሄድኩ ሰባተኛው ሰባት ነው፤ ግን ሰላማዊት እስከዚያ ድረስ ያቺ ቀይ ካባ የምትለብሰው ሴት ማን እንደሆነች ብትረሳስ? የቢሮ አለቃዬ ጋ ደወልኩ። እሳቸውም አይተውታል። «ስምንተኛውን ዝለለው፣ ሴቶቹ ይበዙበታል» አሉኝ። ይህን ለሚስቴ ስነግራት ከስምንተኛው እንዲጀመር ጠየቀች።

ረቡዕ ደግሞ ከማሳየቴ በፊት ትንሽ ገለጻ ላድርግ አልኩ። የግድግዳ ካላንደር ጀርባ ላይ የሁለቱን ቤተሰብ የዘር ሐረግ ሳልኩና ግድግዳ ላይ ለጥፌ በማንኪያ እያመለከትኩ ማስረዳት ጀመርኩ። ሁለተኛው ትውልድ ላይ ስደርስ ዞር ብል አንቀላፍታለች። ሐሙስ መብራት ጠፋ። መብራት ኃይልን ረገምኩ፤ መብራት ኃይልም ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ የት ነበርክ ሳይለኝ አልቀረም። ሰላማዊት መጋረጃ አጠበች። አልጋ ልብስ አጠበች። የሚታጠብ ሲያልቅባት እህቷ ጋ ሄደች።

ዓርብ ከጀማል ጋር መንገድ ላይ ተገጣጠምን። ፊቱን አዞረ። እኔም ለመቀደም የማልፈቅድ ሰው ነኝ፣ አብልጬ አዞርኩ። ሌላ ቦታ ቢሆን ሁለት ሰዎች ፊት ተዟዟሩ ተብሎ ይታለፋል። እኛ ጋ ግን ሰላምታ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። «አካም፣ ነጋ?» ብለህ ጀምረህ ቤቱን፣ ልጁን፣ ላሙን፣ ዝናቡን ጠይቀህ፣ ተጠይቀህ፣ ከዚያ መጀመሪያ የጠየቅከውን እንደገና ጠይቀህ ነው የምትለያየው። ሚዜና ሙሽራ ዝም ተባብለው ካለፉ ሰው ሞቷል ወይም መሬት ተነክቷል ማለት ነው። ሐጂ አልዪ ከእህል መጋዘናቸው ደጃፍ ሆነው አዩን። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ጀማልን ጠርተው መረመሩት። ማምሻውን ጋሽ ተሰማ፣ የጡረተኛው የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ ከዘራቸውን እያንኳኩ እኔ ቤት መጡ።

«ልጄ» አሉኝ «ነገ ለሽምግልና እንቀመጣለን። እዚሁ እናንተ ቤት ይሁን። ሐጂም ይመጣሉ።»

«ጋሼ፣ ኧረ ይሄ እኮ ለእርስዎ የሚበቃ ነገር አይደለም። የፊልም ነገር ነው።»

«ሁሉም እንዲያ ነው የሚለው» አሉና ሄዱ።

ቅዳሜ ተቀመጥን። ሰላማዊት ጭኮ አቀረበች፤ ሐጂ አልዪ የገብሱን ዱቄት በቅቤ ያሸው ሰው እጁ ይባረክ ብለው ቀመሱና ነገር ተከፈተ። ጀማል በዚያ፣ እኔ በዚህ ሆነን አንተያይም።

«ጥሉ በምን ተነሣ?» አሉ ጋሽ ተሰማ።

«በፊልም፣ ጋሼ።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ፊልሙ የማን ነው?»

«የውጭ ሰዎች ነው፣ ሐጂ።»

«ታውቋቸዋላችሁ?»

«አናውቃቸውም።»

«መሬት የለበትም?» አሉ ሐጂ፣ ተስፋ እየቆረጡ።

«የጨው ተራራ አለበት» አለ ጀማል።

«እንዲህ በሉን እንጂ!» አሉ ሁለቱም በአንድ ድምፅ፣ ወንበራቸውን አስጠጉ። መሬት ከገባበትማ የሚያውቁት ነገር ነው! ጋሽ ተሰማ መነጽራቸውን አጠለቁ። «በሥርዓት እንሂድ። ተራራው መጀመሪያ የማን ነበር? ወሰንተኛው ማን ነው?»

ጀማል ይህን ነበር የሚጠብቀው። ከአያትየው ጀመረ! ሰውዬው እንዴት ተራራውን እንዳገኘ፣ ማን እንደቀማው፣ ልጆቹ እነማን እንደሆኑ፣ እንደ ውሃ ያወርደዋል። ወዴት እያመራ እንደሆነ ሲገባኝ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ።

«ሰላማዊት ትውጣ!»

ጋሽ ተሰማ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ምን አልክ? የቤቱን እመቤት ከገዛ ቤቷ?»

«ጋሼ፣ ምስጢር አለ! ከሰማች—»

«በሽማግሌ ፊት ምስጢር የለም። ተቀመጥ።»

«አልወጣም» አለች ሰላማዊትም፣ ጭኮውን በማንኪያ እየቆረሰች። «ሳምንቱን ሙሉ ከሰማሁት ይሄ ይሻላል። ቀጥል ጀማል።»

ጀማል እኔን አየኝ። ዓይኑ ላይ ትንሽ ርኅራኄ ያየሁ መሰለኝ። ግን ሽማግሌ ፊት ነው፣ ቀጠለ። «ዱጋውን ልንገራችሁ» አለ፤ እውነቱን ማለቱ ነው። «የዳርማንን አባት የገደለው ሶሪን ነው። ያሳደገው አጎቱ። ዓይኑንም በልጅነቱ ያጠፋው እሱ ራሱ ነው፤ ሌላ ሰው አሳቦበት።»

እጄን ራሴ ላይ ጫንኩ። የጠበቅኩት ምስጢር በጭኮ ሰሃን ላይ ፈሰሰ።

«ላ ኢላሃ ኢለላህ!» አሉ ሐጂ አልዪ። «ያሳደገው ሰው?»

«ኤ፣ ሐጂ።»

«ጉማ ተከፍሏል?» የደም ካሣውን ነው የሚጠይቁት።

«አልተከፈለም።»

«ሽማግሌ አልገባም?»

«አልገባም።»

«አሥራ አንድ ክፍል ሙሉ?»

«አሥራ አንድ ክፍል ሙሉ።»

ጋሽ ተሰማ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። «ይሄ ምን ዓይነት አገር ነው? አንድ የሚያስታርቅ ትልቅ ሰው ይጥፋ? አንደኛው ክፍል ላይ ሁለት ሽማግሌ ቢቀመጥ ኖሮ እኮ ሁለተኛው ክፍል አያስፈልግም ነበር!» ይህን የመሰለ የፊልም ሂስ ሰምቼ አላውቅም፤ ግን በዚያ ሰዓት ለማድነቅ አቅም አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ እኔና ጀማል ተረሳን። ሽማግሌዎቹ የዳርማንንና የሶሪንን ጉዳይ ያዙ። ሶሪን ልጁን ማሳደጉ ከካሣው ይቀነስለታል ወይስ አይቀነስለትም? ሐጂ ይቀነስለታል አሉ፤ ጋሽ ተሰማ በማታለል የተደረገ በጎ ነገር አይቆጠርም አሉ። ድምፃቸው ከፍ አለ። ሊጣሉ ነው ብለን እኔና ጀማል ገባንና እኛ አስታረቅናቸው። ያኔ ነው ሐጂ ለምን እንደተሰበሰብን ትዝ ያላቸው።

«አዎ፤ እናንተ ደግሞ» አሉ። «ያ ሕዝብ ሽማግሌ አጥቶ ተላለቀ፤ እናንተ ሽማግሌ ጎረቤት አስቀምጣችሁ በሰው አገር ደም ትጣላላችሁ? አታፍሩም? ተነሡ!»

ተነሣን። ጀማል ዕንባው ቀርቦ ነበር፤ እኔም እውነቱን ለመናገር ናፍቆኝ ነበር። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ፤ «አፉ ብያለሁ» አለ። ሐጂ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። «ይህ ነገር ከዛሬ ጀምሮ ተቀብሯል። መልሶ በአፉ ያነሣው ሰው አፉ አይባረክ፣ ቤቱ አይሙቅ።»

«አሜን!» አልኩ። ከሁሉም አብልጬ፣ ከሁሉም አስቀድሜ ነው ያልኩት።

ሽማግሌዎቹ ወጥተው በሩ ሲዘጋ ነው የገባኝ። «ይህ ነገር» ማለት እኮ ፊልሙ ነው! ባዶ እግሬን ጋሽ ተሰማን ተከትዬ ሮጥኩ። «ጋሼ! ማየትስ? ማየትም አይቻልም?»

ጋሽ ተሰማ ቆመው አሰቡ። ሕግ ያውቃሉ። «ማየት ትችላለህ። ያጣላችሁ ምላስ ነው፣ ዓይን አይደለም። ስለ እሱ ግን ቃል እንዳይወጣህ። የሽማግሌ እርግማን ዕዳ ነው፣ ልጄ።» የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏችኋል ይሄ ነው። እኔ የተሻለውን ቅደም ተከተል ስፈልግ ፊልሙን ከአፌ ላይ አስወሰድኩት።

እሑድ የፈቃዷ የመጨረሻ ቀን ነበር። ሰላማዊት ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ቴሌቪዥኑን አልከፈተችም። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። ድምፅዋ ግን ቀስ ያለ ነበር።

«ታውቃለህ» አለችኝ «ጨውህን አልነበረም እኮ የፈለግኩት። ከተጋባን ጀምሮ አንድ ሳምንት አብረን ቤት ውለን አናውቅም። ከየትም ጀምረው፣ ከመጨረሻውም ቢሆን ግድ አልነበረኝም። አጠገቤ ትቀመጣለህ ብዬ ነው ያንን ሁሉ ቆሎ የቆላሁት።»

አፈርኩ። በእውነት አፈርኩ፤ የምገባበት ቀዳዳ አጣሁ። ይቅርታ ልላት ስል ስለምን ይቅርታ እንደምጠይቅ ሳልጠቅስ እንዴት እንደምጠይቅ ጨነቀኝ። አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ። እሷም የጋቢዋን ጫፍ አለበሰችኝና ሪሞቱን አነሣች።

«በል፣ ያንን ሶሪን የሚባል ሰውዬ መልኩን ልየው» አለች፤ እንዳጋጣሚ ስድስተኛውን ከፈተች።

ስድስተኛውን! በእኔም በጀማልም፣ በማንም ሃይማኖት ስድስተኛው መጀመሪያ አይሆንም! አፌን ከፈትኩ።

«አሜን ብለሃል» አለችኝ፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል።

አፌን ዘጋሁ።

ስድስተኛው ላይ ሶሪን ዓይኑ የታሰረውን ትንሹን ዳርማን አዝሎ ወንዝ የሚሻገርበት ቦታ አለ። ረጅም ነው፤ ጎራዴ የለበትም፣ ፈረስ የለበትም። እኔ ሁልጊዜ ሽንት ቤት ደርሼ የምመለሰው በዚያ ሰዓት ነው። ልጁ በታሰረ ዓይኑ የአጎቱን አንገት እቅፍ አድርጎ «አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?» ሲለው ሰላማዊት ትንፋሽ አጠራት። ዞር ብዬ ባያት ዕንባዋ ይወርዳል።

«ራሱ አጥፍቶት ራሱ ያዝለዋል!» አለች። «ልጁ አያውቅም፣ እሱ ግን ያውቃል! እየው እስቲ ፊቱን!»

አየሁት። ያንን ፊልም ከአግዳሚው ጀምሮ ስንት ጊዜ እንዳየሁት እኔ ነኝ የማውቀው፤ የሶሪንን ፊት ግን ያኔ ነው ያየሁት። ሰውዬው ውሃው መሃል ቆሞ እያለቀሰ ነበር። ምስጢሩን ስጠብቅ፣ ስጠብቅ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ከሚስቴ የደበቅኩት የፊልሙን ዋና ነገር ኖሯል።

ሲያልቅ ሰላማዊት በጋቢው ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ሌላውን ክፍል እየፈለገች ትከሻዋን ትከሻዬ ላይ አስደገፈችና በቅሬታ ዞር ብላ አየችኝ።

«ቆይ ግን» አለች «እንዲህ ዓይነት ደህና ፊልም እያለ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»